የባንክ እዳ ያለበትን ቤት መግዛትና መሸጥ፦ በአዲስ አበባ አሠራር

ለባንክ ብድር መያዣ የሆነ ቤት እዳው ሳያልቅም ይሸጣል። በአዲስ አበባ በየቀኑ የሚታይ ነገር ነው። ሕጉ ግን ተበታትኗል። ከፊሉ በፍትሐ ብሔር ሕጉ፣ ከፊሉ በአዋጆች፣ ከፊሉ ደግሞ በሰበር ችሎት (የመጨረሻውን የሕግ ትርጉም በሚሰጠው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ችሎት) ውሳኔዎች ውስጥ ነው የሚገኘው። ይህ ዳሰሳ ከሁሉም በላይ የተደገፈው በፍትሐ ብሔር ሕጉና በሰበር ውሳኔዎች ላይ ነው።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር መያዝ አለበት። የመያዣ እዳ ሻጩን ተከትሎ አይሄድም። ቤቱ ላይ ይቀራል። ገዢው ቁልፍ ተቀብሎ፣ ቀለም ቀብቶ፣ ልጆቹን አስገብቶ መኖር ቢጀምርም፣ የሻጩ ብድር ካልተከፈለ ባንኩ በቤቱ ላይ ያለው መብት እንደጸና ነው።

ከወለድ አገድ እስከ ቤት ባንክ

ቤትና መሬት አስይዞ መበደር በአገራችን አዲስ አይደለም። ወለድ አገድ የሚባለው የቆየ ልማድ ነው። አበዳሪው ንብረቱን ይዞ ይጠቀምበታል፣ ጥቅሙም ለወለዱ ይታሰባል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህንንም ልማድ ሳይረሳ ከመያዣ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦታል። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ከ60 ዓመት በላይ አልፎትም የዛሬው የቤት ግብይት የቆመው በዚሁ ሕግ ላይ ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 ተወረሰ፤ የቤት ገበያውም ጠበበ። በ1968 ዓ.ም. የቤቶችና ቁጠባ ባንክ ተቋቋመ። ይኸው ባንክ ኋላ የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ተባለ፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ተጠቃለለ። በ2014 ዓ.ም. ጎህ ቤቶች ባንክ ለቤት ብድር የቆመ የግል ባንክ ሆኖ ሥራ ጀመረ።

የሚሸጠውና የሚያዘው ምንድን ነው?

መሬት አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። የሚሸጠውም በመያዣ የሚሰጠውም ቤቱ ነው፤ የቦታው የመጠቀም መብት አብሮት ይተላለፋል። ቦታው የሊዝ ከሆነ የባንኩን እዳ ብቻ አጣርቶ መመለስ አይበቃም። ያልተከፈለ ሊዝም እዳ ነው። ኮንዶሚኒየም ላይ ደግሞ ለ5 ዓመት አይሸጥም የሚለው ገደብ አለ። ገደቡ ሳያልቅ በግል ወረቀትና በውክልና የተገዛ ኮንዶሚኒየም ስንቱን ፍርድ ቤት አመላልሷል።

መያዣው እንዴት ይጸናል?

የመያዣ ውል በጽሑፍ መሆን አለበት። የእዳው መጠንም በኢትዮጵያ ገንዘብ ተገልጾ መቀመጥ አለበት (የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 3045)። ውጤት የሚኖረው ግን ሲመዘገብ ነው። ምዝገባው ለ10 ዓመት ይጸናል። በአንድ ቤት ላይ ሁለት መያዣ ካለ ቀድሞ የተመዘገበው ይቀድማል።

የት ነው የሚመዘገበው? ሕጉ ያሰበው የማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ በተባለው መልክ ሥራ ላይ አልዋለም። ቁጥር 3363 ራሱ ያንን ክፍል ለጊዜው አቆይቶታል። በተግባር ባንኩ ለመሬት ይዞታ መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ይጽፋል። በቤቱ ፋይል ላይ እገዳ ይመዘገባል። ዋናው ካርታ (የቤቱ የይዞታ ማረጋገጫ) ባንኩ ካዝና ይገባል። ሻጩ እጅ የሚቀረው ኮፒ ነው። ሻጭ ወይም ደላላ ኮፒ ካርታ ብቻ ካሳየ «ዋናው የት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ያለ ባንኩ ፈቃድ ይሸጣል?

መያዣ ባለቤትነትን አያጠፋም፤ ባለቤት ደግሞ የመሸጥ መብት አለው። መርሁ ይህ ነው። ነገር ግን እገዳው እስካልተነሳ ድረስ ስም አይዞርም። ውልና ማስረጃም (የሰነዶች ማረጋገጫ መሥሪያ ቤቱ) የባንኩን የስምምነት ደብዳቤ ሳያይ ውሉን አያረጋግጥም። ስለዚህ ባንኩን ደብቆ መሸጥ ዞሮ ዞሮ ገዢውን ባዶ እጁን ያስቀረዋል።

ቤቱ በ6 ሚሊዮን ብር ተሸጠ እንበል። የባንክ ቀሪ እዳው 1.4 ሚሊዮን ነው። ሻጭና ገዢ አብረው ብድሩ ያለበት ቅርንጫፍ ይሄዳሉ። ቀሪውን እዳ ቀኑ ተጠቅሶ በደብዳቤ ይቀበላሉ፤ ወለዱ በየቀኑ ይቆጥራልና ያለፈው ወር ቁጥር አይሠራም። ገዢው 1.4 ሚሊዮኑን በሻጩ እጅ አይሰጥም። በሲፒኦ (ባንክ ባረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ) በቀጥታ ለብድር ሒሳቡ ገቢ ያደርጋል። ባንኩ እዳው መጠናቀቁን ለመሬት መሥሪያ ቤቱ ይጽፋል፣ ካርታውን ይመልሳል። እገዳው ይነሳል፤ ቤቱ «ከእዳና እገዳ ነፃ» መሆኑ በጽሑፍ ይረጋገጣል። ቀሪው 4.6 ሚሊዮን የሚከፈለው ዋናው የሽያጭ ውል ሲፈረም ነው።

አስጨናቂዎቹ እዳው ከተከፈለ በኋላ፣ ውሉ ከመፈረሙ በፊት ያሉት ቀናት ናቸው። ሻጩ ሊሞት ይችላል፤ ሐሳቡን ሊቀይር ይችላል፤ ከሌላ ክስ አዲስ የፍርድ ቤት እግድ ሊመጣ ይችላል። ለዚህ ነው የባንኩ እዳ ከመከፈሉ በፊት በባንኩ ደብዳቤ የተረጋገጠና መቀጫ ያለው የመጀመሪያ ውል የሚያስፈልገው።

ሌላው መንገድ ብድሩን ወደ ገዢው ማዛወር ነው። እዚህ ላይ የባንኩ ፈቃድ የግድ ነው። ባንኩ የገዢውን ገቢ እንደ አዲስ ተበዳሪ ያጣራል። ሻጩም ከእዳው ነፃ መውጣቱን በጽሑፍ መቀበል አለበት። ይህን ያልያዘ ሻጭ፣ ገዢው ክፍያ ባቋረጠ ጊዜ ስልኩ የሚደወለው ለእሱ ነው።

ውልና ማስረጃና ሰበር

በሕጉ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል በማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መደረግ አለበት። የሰበር ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448፣ በሚያዝያ 1999 ዓ.ም.፣ ይህን ያላሟላ የቤት ሽያጭ ውል ረቂቅ እንጂ ውል አይደለም አለ። ብዙ የመንደር ውሎች በዚህ ፈረሱ። ኋላ በመዝገብ ቁጥር 36887 ሻጩ ውሉን እስካልካደ ድረስ አለመመዝገቡ ብቻ ውሉን አያፈርሰውም የሚል አቋም መጣ። ሁለቱ እንዴት እንደሚታረቁ የሕግ ባለሙያዎች አሁንም ይከራከራሉ። ለገዢ ግን መልሱ ቀላል ነው። ሻጭ ይክዳል ወይስ አይክድም ብሎ ዕድሉን የሚሞክርበት ምክንያት የለም።

የሰነዶች ማረጋገጫ መሥሪያ ቤቱን አብዛኛው ሰው የሚያስታውሰው በወረፋው ነው። ሥራው ግን ከወረፋው በላይ ነው። ሠራተኛው መታወቂያ ያያል፣ እገዳ መኖሩን ያጣራል፣ ተዋዋዮቹን ውሉን አንብበው መረዳታቸውንና ወደው መፈረማቸውን ይጠይቃል። ከዚያ ፊርማው ፊቱ ይፈረማል። በዚያች ጠረጴዛ ላይ ስንት ማጭበርበር ሳይጀመር ቀርቷል።

የትዳር ጓደኛ

ካርታው በባል ስም ብቻ መሆኑ ሚስትን አያስወጣትም። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) አንቀጽ 68 የጋራ ቤትን ለመሸጥም በመያዣ ለመስጠትም የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ያልተስማማው ወገን ባወቀ በ6 ወር ውስጥ፣ ቢበዛ ግዴታው በተገባ በ2 ዓመት ውስጥ፣ እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላል። ሻጩ ላጤ ነኝ ካለ ያላገባ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠየቃል። ውልና ማስረጃ ይህን ሲጠይቅ የሚቆጣ ሻጭ ብዙ ነው። ጥያቄው ግን ገዢውንም እዚያ ያልቀረበችውንም ሚስት ይጠብቃል።

ቀብድ

ቀብድ ውል መደረጉን ያስረዳል (የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1883)። ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የሰጠው ሰው ከፈረሰ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ከፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። እዳ ላለበት ቤት ትልቅ ቀብድ መስጠት ግን አይመከርም። ከባንክ ሳያጣሩ ቀብድ መወርወር ጭራሽ አይሆንም።

ብድሩ ካልተከፈለ

በአዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንክ በውሉ ላይ ከተስማማ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ቤቱን በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ይህ ሥልጣን ለባንኮች ከበድ ያለ መብት ነው። የተበዳሪውን ፍርድ ቤት የመሄድ መብት ያጠባል የሚሉ አሉ። ባንኩ ሥርዓቱን ሳይከተል ቢሸጥ ለሚደርሰው ጉዳት ይጠየቃል። ሐራጅ ከመምጣቱ በፊት ግን ተበዳሪው ራሱ ገዢ ፈልጎ ቢያቀርብ ዋጋውም ክብሩም ይተርፍለታል።

ግብር

በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ከማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ የሚገኝ ጥቅም ላይ ግብሩ 15 በመቶ ነው። በቴምብር ቀረጥ አዋጅ ቁጥር 110/1990 ስም ሲዞር 2 በመቶ፣ ለመያዣ ውል 1 በመቶ ይከፈላል። ማን ምን እንደሚከፍል ውሉ ላይ መጻፍ አለበት።

ውጭ አገር ያለ ሻጭና ገዢ

ከዋሽንግተንም ከዱባይም የሚላከው ውክልና በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ይሠራል፤ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፤ ከዚያ ውልና ማስረጃ ይቀርባል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 መሠረት ቤት ለመሸጥና በመያዣ ለመስጠት ጠቅላላ ውክልና አይበቃም፤ ልዩ ውክልና ይፈለጋል። ወኪሉ ቤት በብድር የሚገዛ ከሆነ «ይግዛልኝ» የሚለው ብቻውን አያስኬድም። «ከባንክ ይበደር፣ ቤቱን በመያዣ ይስጥ፣ ውሉን ይፈርም» የሚሉት በየራሳቸው ይጻፉ። አንዷ ቃል ጎድላ ወረቀቱ እንደገና ባሕር ተሻግሮ እንዲመለስ የተደረገባቸው ብዙ ናቸው።