ኦተሪንግ ምንድን ነው? ቪዲዮው ዲስኩ ላይ እያለ ማጫወቻው ለምን አያየውም?

የአክስቴ ልጅ ያገባው ዘጌ ነው። ሠርጉን ከጠዋት እስከ ማታ በስልኬ ቀረጽኩት። ቡናው ጥላ ሥር የተጣለው ዳስ አለ፣ የሚዜዎቹ ጭፈራ አለ፣ ሙሽሮቹን ይዛ ጣናን እየሰነጠቀች ወደ ባሕር ዳር የምትመለሰው ጀልባም አለች። አክስቴ የምትኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ነው። ስማርት ስልክ አትይዝም። ቴሌቪዥኗ ሥር ግን ዳንቴል የለበሰ ዲቪዲ ማጫወቻ አላት፣ መዝሙሩንም የድሮ የቤተሰብ ቪዲዮውንም የምታየው በእሱ ነው። «በዲስክ አርግልኝ» አለችኝ።

ምን ችግር አለው ብዬ ባዶ ዲቪዲ ገዛሁ። ቆንጆ ቆንጆውን መርጬ አሳጠርኩና ፋይሉን ዲስኩ ላይ ኮፒ አድርጌ በርን (ጻፍ ማለት ነው) አልኩት። ይዤላት ሄድኩ። ዲስኩ ገባ፣ ሲሽከረከር ይሰማል፣ ማጫወቻው ትንሽ ቆየና «ኖ ዲስክ» የሚል ጽሑፍ አወጣ። አውጥቼ በሸሚዜ ጫፍ ወልውዬ መለስኩት። ያው ነው።

«ልጄ፣ ባዶውን ነው እንዴ ያመጣህልኝ?» አለች አክስቴ።

ባዶ አልነበረም። እዚያው ላፕቶፔን ከፍቼ ሳስገባው ቪዲዮው ጥርት ብሎ ይጫወታል። የጎደለው ኦተሪንግ የሚባለው ሥራ ነበር። ይህንን ቃል ማንም ቀድሞ ስላልነገረኝ ነው ዛሬ የምጽፈው፤ ብዙ ሰው ዲስኩን ወይም ማጫወቻውን እየወቀሰ በከንቱ ገንዘብ ያወጣል።

ኦተሪንግ ማለት ቪዲዮን ዲቪዲ ማጫወቻ በሚያውቀው መልክ ማሰናዳት ነው። ዲስክ ላይ ከመጻፍ የተለየ ሥራ ነው፣ ከመጻፍም ይቀድማል። ዘጌና ጣና ገዳማት ያሉትን የብራና መጻሕፍት ያየ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ጸሐፊው ቅጠሉን ሁሉ ጽፎ ቢጨርስም ብራናው ተራውን ይዞ እስኪጠረዝ ድረስ ገና መጽሐፍ አልሆነም። ቃሉ አለ፣ ግን የተበተነ ነው። ኦተሪንግን ለራሴ «መጠረዝ» እለዋለሁ።

ኮምፒውተር ዲስክ ሲገባለት ያለውን ፋይል ሁሉ ያሳይሃል፣ አንተ መርጠህ ትከፍታለህ። ዲቪዲ ማጫወቻ እንደዚያ አይሠራም። የሚያውቀው አንድ በር አለ፣ እሱን ብቻ ያንኳኳል። በሩ «ቪዲዮ ቲኤስ» የሚባል ፎልደር ነው። ፎልደሩ ውስጥ ሦስት ዓይነት ፋይሎች ይጠብቃል። ቪኦቢ የሚባሉት ምስሉንና ድምፁን ይይዛሉ፣ እያንዳንዳቸው ከ1 ጊጋ አይበልጡም። አይኤፍኦ የሚባሉት ትንንሽ ናቸው፣ ግን መሪዎቹ እነሱ ናቸው፤ የቱ ከየቱ ቀጥሎ እንደሚጫወት፣ ሜኑው የት እንዳለ፣ ምዕራፉ ከየት እንደሚጀምር ለማጫወቻው የሚነግሩት እነሱ ናቸው። ቢዩፒ ደግሞ የአይኤፍኦው ግልባጭ ነው። ዲስኩ ላይ ከዋናው ራቅ ብሎ ነው የሚቀመጠው፣ አንድ ጭረት ሁለቱንም አብሮ እንዳይወስዳቸው ታስቦ። ይህን ሳውቅ ደስ አለኝ፣ የሠሩት ሰዎች ሰው ቤት ዲስክ እንዴት እንደሚያዝ ያውቁ ነበር ማለት ነው።

ሌላው ነገር የቪዲዮው ዓይነት ነው። ስልካችን የሚቀርጸው ኤች 264 ወይም ኤች 265 በሚባሉት የቪዲዮ ማጨቂያ መንገዶች ነው። የዲቪዲ ቪዲዮ ግን ኤምፔግ 2 ነው የሚፈልገው። የመጀመሪያዎቹ ዲቪዲ ማጫወቻዎች ጃፓን ውስጥ ገበያ የወጡት እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፣ ያን ጊዜ ኤች 264 ገና አልተፈጠረም። ስለዚህ የአክስቴ ማጫወቻ የስልኬን ቪዲዮ አለመክፈቱ ብልሽት አይደለም፣ ቋንቋው ሌላ ነው። ኋላ ላይ የመጡ አንዳንድ ማጫወቻዎች የፍላሽ መሰኪያ አላቸው፣ አንዳንድ ፋይሎችንም በቀጥታ ይከፍታሉ። የእናንተ ቤት ያለው እንደዚያ ከሆነ መጀመሪያ በፍላሽ ሞክሩት፣ ቀሪውን ድካም ሁሉ ልትገላገሉት ትችላላችሁ።

እኔን ያሳሳተኝን ነገር በደንብ ልንገራችሁ፣ ጀማሪ ሁሉ የሚወድቅበት ጉድጓድ ስለሆነ። ዊንዶውስ ላይ ባዶ ዲስክ ስታስገቡ ይጠይቃችኋል፤ እንደ ፍላሽ ልትጠቀሙበት ነው ወይስ ከሲዲና ዲቪዲ ማጫወቻ ጋር? ሰው ሁለተኛውን አይቶ «ይኸው፣ ማጫወቻ አለ» ብሎ ይመርጣል። እኔም መረጥኩ። ግን ያ ምርጫ ቪዲዮውን አይጠርዝም። ፋይሉን እንዳለ ይጽፍና ዲስኩን ይዘጋል፣ የሚወጣውም ያው የዳታ ዲስክ ነው። ዊንዶውስ ቪስታና 7 ላይ ዲቪዲ ሜከር የሚባል ኦተሪንግ የሚሠራ ፕሮግራም አብሮ ይመጣ ነበር፣ ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ግን ቀርቷል። አሁን ሌላ ፕሮግራም መጫን የግድ ነው።

እኔ የምጠቀመው ዲቪዲስታይለርን ነው። ነጻ ነው፣ ዊንዶውስም ላይ ሊኑክስም ላይ ይሠራል። ቪዲዮውን ጎትታችሁ ትጥሉበታላችሁ፣ ሜኑ ትመርጣላችሁ፣ ወደ ኤምፔግ 2 መቀየሩን ራሱ ይሠራዋል። ኢምግበርን የሚባለው ሌላው ነጻ ፕሮግራም ደግሞ መጻፍ ላይ ጎበዝ ነው፣ ግን ቪዲዮ አይቀይርም። ቀድሞ የተሰናዳ ቪዲዮ ቲኤስ ፎልደር ስጡት፣ በሥርዓቱ ይጽፍላችኋል። ይህን ልዩነት ካላወቃችሁ ኢምግበርን ላይ የስልክ ቪዲዮ ጥላችሁ ለምን እንደማይሠራ ግራ ሲገባችሁ ትውላላችሁ።

ፕሮግራሙ መጀመሪያ ላይ ፓል ወይስ ኤንቲኤስሲ ይላል። ፓል በሉት። የእኛ ቴሌቪዥን የቆየበት ሥርዓት እሱ ነው፣ 720 በ576 ነጥብ፣ በሴኮንድ 25 ምስል። አሜሪካና ጃፓን ኤንቲኤስሲ ነበሩ። ብዙ ማጫወቻ ሁለቱንም ያነባል፣ ግን የቆየ ቴሌቪዥን ላይ ኤንቲኤስሲው ጥቁርና ነጭ ሆኖ ወይም እየተንከባለለ ሊመጣ ይችላል። ስልክ አብዛኛውን ጊዜ በሴኮንድ 30 ነው የሚቀርጸው፣ ወደ 25 ሲወርድ ካሜራው ሲዞር ትንሽ ይንገጫገጫል። አክስቴ አላስተዋለችውም፣ እኔ ግን አየሁት።

ጥራቱ ለምን እንደሚቀንስም እወቁት። የስልክ ሙሉ ኤችዲ ምስል 1920 በ1080 ነጥብ ነው። የዲቪዲው 720 በ576። አስሉት፣ ልክ አንድ አምስተኛው ነው። ፕሮግራሙን አትክሰሱ። ደግሞ ቆማችሁ በቁመት የቀረጻችሁት ቪዲዮ ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ መሐል ላይ ቀጥኖ ይቀመጣል፣ ለቴሌቪዥን የሚሆን ነገር ከሆነ ስልኩን አጋድማችሁ ቅረጹ።

አሁን ወደ ስፋቱ፣ እዚህ ጋ ረጋ በሉ። ዲቪዲው ላይ 4.7 ጊጋ ተብሎ ተጽፏል፣ ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ ግን 4.37 አካባቢ ነው የሚያሳየው። ሌባ አልገባበትም። አምራቹ 1 ጊጋን 1,000,000,000 ባይት ብሎ ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ በ1,024 እያባዛ ነው የሚቆጥረው። የእኔ ሙሉ ቪዲዮ 3 ሰዓት ነበር፣ ስልኬ ላይ ከ14 ጊጋ በላይ ይዟል። አይገባም ብዬ ተስፋ ልቆርጥ ነበር። ይገባል! ኦተሪንግ ላይ የስልኩ ፋይል ስንት ጊጋ ነው የሚለው ጥያቄ ዋጋ የለውም። ወሳኙ ስንት ደቂቃ ነው የሚለው ነው። ፕሮግራሙ ያለውን ቦታ ለደቂቃዎቹ ያከፋፍላል። 1 ሰዓት ከሆነ ለእያንዳንዱ ሴኮንድ 10 ሜጋቢት አካባቢ መረጃ ይደርሰዋል፣ ይህም ዲቪዲ የሚፈቅደውን ጫፍ የሚነካ ነው፣ የምስሉ ጣሪያ 9.8 ስለሆነ። 2 ሰዓት ከሆነ 5 አካባቢ። 3 ሰዓት ስታደርጉት ወደ 3.5 ወርዶ ምስሉ መጎዳት ይጀምራል።

ጉዳቱ ደግሞ ሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። ኤምፔግ 2 የሚቆጥበው ያልተንቀሳቀሰውን ነገር ደጋግሞ ባለመጻፍ ነው። ሽማግሌዎች ቁጭ ብለው ሲመርቁ ያለው ክፍል ጥርት እንዳለ ነው፣ ብዙው ነገር ቆሟል። እስክስታው ላይ ትከሻው ዙሪያ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ይፈሉ ጀመር። ከሁሉ የባሰው ግን ጣና ነው። ጀልባዋ ስትሄድ ውኃው በፀሐይ እየተብለጨለጨ እያንዳንዷ ነጥብ በየሴኮንዱ ይቀያየራል፣ ደጋግሞ ባለመጻፍ የሚቆጠብ ምንም ነገር የለም። መጀመሪያ 3 ሰዓት አድርጌ ስሞክረው ሐይቁ ሰሌን መስሎ ወጣ። የምሳውን ረጅም ክፍል ቆርጬ ወደ 1 ሰዓት ከ50 አወረድኩት፣ ያን ጊዜ ውኃው ውኃ ሆነ። ሐይቅ ዳር የምትቀርጹ ከሆነ ሁለት ሰዓትን አትለፉ።

መጻፉ ቀላሉ ክፍል ነው። በርን፣ ማለትም ማቃጠል መባሉም ልክ ነው፤ ባዶ ዲቪዲ ውስጥ ስስ ቀለም አለ፣ ቀዩ ጨረር እያጋለው መልኩን ይቀይረዋል፣ ማጫወቻው በኋላ የሚያነበው ያንን ልዩነት ነው። ለዚህ ነው ተመልሶ የማይጠፋው። የመጻፊያው ፍጥነት ዲስኩ ላይ 16 ኤክስ ተብሎ ቢጻፍም እኔ በ8 ነው የምጽፈው፣ ሙሉ ዲስክ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይፈጃል። ለቆየ ማጫወቻ ዲቪዲ ማይነስ አር ግዙ። ደጋግሞ የሚጻፈው አርደብሊው ለሙከራ ጥሩ ይመስላል፣ ግን ጨረሩን የሚመልሰው ደካማ አድርጎ ነው፣ የድሮ ማጫወቻ ብዙ ጊዜ አያየውም። ባትሪ ሙሉ ይሁን። መብራት መሐል ላይ ድርግም ካለና ላፕቶፑ ከሞተ ያ ዲስክ አበቃለት፣ እኔ አንዱን እንደዚያ ጥያለሁ።

መጨረሻ ላይ ፋይናላይዝ የሚባል ነገር አለ፣ ዲስኩን መዝጋት ነው። ሳይዘጋ ከወጣ የጻፈው ኮምፒውተር ያነበዋል፣ የሰው ቤት ማጫወቻ ግን አይቀበለውም። ኢምግበርን በራሱ ይዘጋል። ከዚያ ቬሪፋይ የሚለውን ተዉት ይሥራ፣ የተጻፈውን ከዋናው ጋር እያስተያየ ነው። ደቂቃዎች ይጨምራል፣ አትቸኩሉ። ስም ስትጽፉበት በስክሪብቶ አትጫኑት፣ ለስላሳ ጫፍ ባለው ማርከር ይሁን። ከቆሸሸም እንደ ሰሃን ዙሪያውን አትወልውሉት፣ ከመሐል ወደ ጠርዝ ቀጥ አድርጋችሁ ጥረጉት። እኔ ያን ቀን በሸሚዜ ያደረግኩት ስሕተት ነበር፣ መረጃው በክብ ስለተጻፈ የክብ ጭረት ነው የበለጠ የሚጎዳው።

ሁለተኛውን ዲስክ ይዤ ሽምብጥ ተመለስኩ። አክስቴ ዳንቴሉን አነሳች። ማጫወቻው እንደ ልማዱ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ሜኑው መጣ፤ አራት ምዕራፍ፣ እያንዳንዱ ላይ ትንሽ ሥዕል። ሪሞቱን ከእጄ ወሰደችና በቀስቱ ወደ ታች ወረደች፣ አራተኛው ላይ ቆመች። ጀልባዋ ናት።

ትንሽ አይታ «ለእህቴም አርግላት፣ ዘጌ ላሉት» አለችኝ። ለዚህ የሚሆን አንድ ነገር ቀድሜ አድርጌ ነበር። ዲቪዲስታይለር ሥራውን ሲጨርስ በቀጥታ ዲስክ ላይ እንዲጽፍ ከማዘዝ ይልቅ አይኤስኦ ፋይል አድርጎ እንዲያስቀምጥልኝ ነው የመረጥኩት። የተጠረዘው ነገር ሙሉ በሙሉ እዚያ አንድ ፋይል ውስጥ አለ። ለአክስቴ ዲስክ ላፕቶፔ ቪዲዮውን ሲቀይር ሦስት ሰዓት ያህል ሲያፏጭ ነው የቆየው። የዘጌዎቹ ዲስክ ቡናው ሁለተኛው ሳይቀዳ አለቀ።