የደጅ የእንጨት ቦይለር ምንድን ነው?

በሚኒሶታ፣ በዊስኮንሲን ወይም በሰሜን ኒውዮርክ ገጠር የሚያልፍ ሰው፣ ከመኖሪያ ቤቱ ራቅ ብሎ ለብቻው የቆመ፣ ጭስ ማውጫ ያለው ትንሽ የቆርቆሮ ቤት ያያል። ብዙ ጊዜ ጎኑ ላይ የተፈለጠ እንጨት ተደርድሯል። ይህ የደጅ የእንጨት ቦይለር ነው። እንጨቱ የሚነደው ደጅ ነው፤ ወደ ቤት የሚገባው ሙቅ ውሃ ብቻ ነው። ጭሱ፣ አመዱና የእሳቱ አደጋ ከሳሎን ይርቃሉ፤ በገጠር የሚወደደውም ለዚህ ነው። ከመንትዮቹ ከተሞች (ከሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል) ወጥተው ሰፋ ያለ መሬት ያለው ቤት የሚፈልጉ ወገኖቻችንም ቤቱን ሲያዩ ቦይለሩ ግቢው ውስጥ ተተክሎ ሊያገኙት ይችላሉ። እንዲህ ያለ ቤት ከመግዛት በፊት አሠራሩን ማወቅ ያስፈልጋል፤ በደንብ ያልተተከለ ቦይለር እንጨት ይፈጃል እንጂ ቤት አያሞቅም።

ውስጡ የብረት ምድጃ አለ፤ ምድጃውን ዙሪያውን ውሃ ከቦታል። ውሃው ወደ 185 ዲግሪ ፋራናይት ሲደርስ ተቆጣጣሪው የአየር መግቢያውን ይዘጋል፤ ወደ 175 ሲወርድ መልሶ ይከፍታል። አብዛኞቹ ታንካቸው ለአየር ክፍት ነው፤ ግፊት ስለማያጠራቅሙ ውሃው ቢፈላ እንፋሎቱ በላይ ይወጣል። ፓምፕ ሙቁን ውሃ ከመሬት በታች በተቀበረ ቧንቧ ወደ ቤት ይገፋል፤ ሙቀቱን የሰጠው ውሃ በሁለተኛው ቧንቧ ይመለሳል።

ታንኩ ብዙ ሙቀት አጠራቅሞ ያቆያል ብለው የሚያስቡ አሉ። ሒሳቡ ግን ሌላ ነው። 200 ጋሎን ውሃ ወደ 1,670 ፓውንድ ይመዝናል፤ በ20 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ የሚሰጠው 33,000 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ አሃድ) ገደማ ነው። በከባድ ብርድ በሰዓት 40,000 ቢቲዩ ለሚፈልግ ቤት ይህ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ሌሊቱን የሚያሳድረው እንጨቱ ነው።

ከሁሉ በላይ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው ዕቃ ከመሬት በታች የሚቀበረው ቧንቧ ነው። ቦይለሩን በውድ ገዝቶ ቧንቧው ላይ የሚቆጥብ ሰው ያን ቁጠባ በየክረምቱ በእንጨት ይከፍለዋል። ትክክለኛው ዓይነት ሁለት የፔክስ (ሙቅ ውሃ የሚችል ፕላስቲክ) ቧንቧዎች ውሃ በማያስገባ አንድ ሽፋን ውስጥ፣ ዙሪያቸው በፎም ተሞልቶ የሚሸጠው ነው። ለተለመደ ቤት ባለ 1 ኢንች፣ ኦክስጅን የማያሳልፍ ፔክስ ይመረጣል። በርካሽ የሚሸጠው፣ ቧንቧው በስስ መከላከያ ተጠቅልሎ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ የገባው፣ ውሃ ሲገባበት ሙቀቱን ለአፈር ይሰጣል። ቧንቧው የተቀበረበት መስመር ላይ በረዶው ቀድሞ ከቀለጠ ሙቀት እየፈሰሰ ነው።

ውሃው የሚያደርሰውን የሙቀት መጠን ለማስላት ቀላል ቀመር አለ፦ በደቂቃ የሚፈሰው ጋሎን በ500፣ ከዚያም በሄደውና በተመለሰው ውሃ መካከል ባለው የዲግሪ ልዩነት ይባዛል። 8 ጋሎን በ20 ዲግሪ ልዩነት በሰዓት 80,000 ቢቲዩ ነው። በዚሁ ፍሰት መንገድ ላይ የሚጠፋ እያንዳንዱ ዲግሪ በሰዓት 4,000 ቢቲዩ ይወስዳል። ከቦይለሩ በ180 የወጣ ውሃ ቤት ሲደርስ 170 ከሆነ፣ ከዚያ 80,000 ቢቲዩ ግማሽ ያህሉ ቤቱ ሳይገባ መሬት ቀርቷል ማለት ነው። በቧንቧው ሁለት ጫፍ ቴርሞሜትር ማሰር ብዙ ክርክር ያስቀራል።

ቧንቧው የሚቀበርበት ቦይ ቢያንስ 2 ጫማ ይቆፈራል፤ መኪና በሚያልፍበት ቦታ ይበልጥ ይጠልቃል። ወለሉ ላይ ድንጋይ እንዳይኖር አሸዋ ይነጠፋል። ከመሬት በታች መገጣጠሚያ አይደረግም፤ ቧንቧው ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ መሆን አለበት። ሁለቱም ጫፎች ውሃና አይጥ እንዳይገባባቸው በላስቲክ ቆብ ይታሸጋሉ። ቦይለሩ ራሱ በጠጠር ወይም በኮንክሪት መሠረት ላይ ይቆማል፤ ውሃ ሲሞላ ክብደቱ ከባድ ስለሆነ ለስላሳ አፈር ላይ ያዘምማል።

ፓምፑ የሚቀመጠው ከቦይለሩ ኋላ ዝቅ ብሎ፣ ወደ ቤት እንዲገፋ ሆኖ ነው። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ተቀምጦ እንዲስብ ከተደረገ ውሃው አረፋ ይሠራል፤ ፓምፑም ይጎዳል። በግራና በቀኙ መዝጊያ ቫልቭ ከሌለ ፓምፕ ለመቀየር ታንኩን በሙሉ ማፍሰስ ሊያስፈልግ ይችላል። ቤት ውስጥ ውሃው መጀመሪያ የማጣሪያ ወንፊት፣ ቀጥሎ የመታጠቢያውን ውሃ የሚያሞቀውን የሰሌዳ ሙቀት ማስተላለፊያ፣ ከዚያም ቤቱን በሙቅ አየር ከሚያሞቀው ፈርነስ በላይ ባለው የሙቅ አየር ሳጥን የገባውን ኮይል (የተጠማዘዘ ቧንቧ) ያልፋል። የመታጠቢያው መስመር ላይ ውሃውን ወደ 120 ዲግሪ የሚያወርድ ማደባለቂያ ቫልቭ የግድ ይገጠማል። 180 ዲግሪ ውሃ የልጅ እጅ ላይ ከፈሰሰ ወዲያው ያቃጥላል፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም።

የቀድሞው የፕሮፔን ፈርነስ አይነቀልም። ቴርሞስታቱ 5 ዲግሪ ያህል ዝቅ ተደርጎ ይተዋል፤ እንጨቱ ካለቀ እሱ ይነሳል። ፓምፑ ክረምቱን ሙሉ እስከሠራ ድረስ የፈርነሱ ሙቅ አየር ኮይሉን እያሞቀ የቦይለሩን ውሃ ከበረዶ ይጠብቃል። መብራት ከጠፋ ግን ፓምፑም ይቆማል፤ ስለዚህ ትንሽ ጄኔሬተር ሊኖር ይገባል።

እንጨቱ እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች መሆን አለበት። መለኪያው የሚወጋው አዲስ በተፈለጠው የውስጥ ገጽ ላይ ነው፤ ከላይ የደረቀ እንጨት ውስጡ እርጥብ ሊሆን ይችላል። ኦክ ተፈልጦና ተደርድሮ እስከ ሁለት ዓመት ሊፈልግ ይችላል። እርጥብ እንጨት ሙቀቱን የራሱን ውሃ በማፍላት ይጨርሳል፤ ጭሱ ይወፍራል፤ ግድግዳውና ጭስ ማውጫው ላይ ዝፍት የመሰለ ጥቁር ቅባት ይለጥፋል። ቆሻሻ፣ ቀለም የተቀባ ጣውላና በኬሚካል የታከመ እንጨት ፈጽሞ አይማገድም።

በሩን በአንዴ መክፈት አደገኛ ነው። ምድጃው ታፍኖ ሲቆይ ያልተቃጠለ ጋዝ ይጠራቀማል፤ አየር በድንገት ሲያገኝ ነበልባል ወደ ውጭ ይወረወራል። አየር የሚነፋው ማራገቢያ ይጠፋል፣ የጭስ ማሳለፊያው ይከፈታል፣ በሩ በጥቂቱ ተገርበብ ተደርጎ ይጠበቃል፣ ከዚያ ወደ ጎን ቆመው ይከፍቱታል። የሚወጣው አመድ ክዳን ባለው የብረት ባልዲ ከቤት ርቆ ይቀመጣል፤ በውስጡ የተደበቀ ፍም ለቀናት ሳይጠፋ ሊቆይ ይችላል።

ቦይለሩን የሚገድለው ዝገት ነው። ታንኩ ለአየር ክፍት ስለሆነ ውሃው ኦክስጅን ይስባል። አምራቹ የሚያዘው የዝገት መከላከያ ኬሚካል በትክክለኛ መጠን ይጨመራል፤ ብዙዎቹ ናይትራይት ያለበት ነው። በመመርመሪያ ወረቀት መጠኑና ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ይለካል፤ ፒኤቹ ብዙውን ጊዜ ከ8 በላይ እንዲሆን ይፈለጋል። ውሃው ቶሎ ቶሎ የሚጎድል ከሆነ እየጨመሩ ከመቀጠል ፍሳሹን መፈለግ ይሻላል፤ አዲስ ውሃ አዲስ ኦክስጅንና ማዕድን ይዞ ይገባል። በእሳቱ በኩል ደግሞ የሚመለሰው ውሃ ከ140 ዲግሪ በታች ሲሆን የጭሱ እርጥበት በብረቱ ላይ ይጤዛል፤ ጠል አሲድ ይሆናል። ይህን የሚከላከል ቴርሞስታቲክ ቫልቭ አለ፤ ቢገጠም ዋጋውን ይመልሳል።

ቦይለሩ ትኩስ ሆኖ ቤቱ ከቀዘቀዘ የተደፈነ ወንፊት፣ ቧንቧ ውስጥ የታሰረ አየር ወይም የሞተ ፓምፕ ይፈተሻል። ውሃው ያለ ምክንያት የሚፈላ ከሆነ አየር በማይገባበት በኩል እየገባ ነው፤ የአየር መዝጊያው ሥር የተጣበቀ ዝፍት ወይም ያረጀ የበር ማሸጊያ ገመድ ይሆናል። ወረቀት በሩ ላይ ዘግተው ሲስቡት በቀላሉ ከወጣ ገመዱ ይቀየራል።

በሕግ በኩል የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት በ2015 ለአዳዲስ ቦይለሮች የጭስ ገደብ አውጥቷል፤ ጠበቅ ያለው ሁለተኛው ደረጃ በ2020 ጀመረ። ኒውዮርክ አዲስ ለሚተከሉት ቢያንስ 18 ጫማ ጭስ ማውጫ ትጠይቃለች፤ ለመኖሪያ ቤት መጠን ያለው ደግሞ ከጎረቤት ድንበር 100 ጫማ መራቅ አለበት። በብዙ ከተሞች ጨርሶ አይፈቀድም። ያገለገለ በርካሽ ከመግዛት በፊት የካውንቲውን ቢሮ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ክረምቱ ሲያልፍ አመዱ በሙሉ ይጠረጋል፣ ግድግዳው ይፋቃል፣ ብረቱ ዘይት ይቀባል፣ የጭስ ማውጫው ይከደናል፤ እርጥበት ያገኘ አመድ ብረት ይበላልና። ውሃው ግን ከታንኩ አይለቀቅም፤ ባዶና እርጥብ ታንክ፣ ኬሚካል ያለው ውሃ ከሞላበት ታንክ ይልቅ ቶሎ ይዝጋል።