ፓንዳ ምንድን ነው? የድብ ዘመድ ወይስ የላም ጎረቤት?

አራት ኪሎ፣ መንገድ ዳር ከተዘረጉት መጻሕፍት መካከል የሕፃናት የእንስሳት ሥዕል አየሁ። ፓንዳ «ዕፅ በል» በሚለው ረድፍ ከላምና ከበግ ጎን ቆሟል። አመጋገቡ እውነት ነው፤ ምግቡ ከሞላ ጎደል ቀርከሃ ብቻ ነው። ነገር ግን ልጁ ሥዕሉን አይቶ ፓንዳን የላም ዘመድ አድርጎ ቢያድግ ያሳዝነኛል።

የእንስሳት ምደባ ጋብቻ ሲታሰብ እስከ ሰባት ቤት ዘር እንደ መቁጠር ነው። የሚጠየቀው «ምን ይበላል?» ሳይሆን «ከማን ተወለደ?» የሚለው ነው። በዚህ ቆጠራ ፓንዳ ከአጥቢዎች መደብ፣ ከሥጋ በሎች ክፍለ መደብ፣ ከድቦች አስተኔ (ቤተሰብ) ነው። «ሥጋ በል» እዚህ ላይ የአንድ የዘር ግንድ መጠሪያ ነው፤ ቀርከሃ የሚበላም በዚያው ይጠራል።

ሆዱም ዘሩን ይመሰክራል። ላም አራት ክፍል ያለው ጨጓራ አላት። ፓንዳ ግን የሥጋ በሎችን አጭርና ቀላል አንጀት እንደያዘ ነው፤ ከሚበላው ቀርከሃ አብዛኛው ሳይፈጭ ይወጣል። ስለዚህም የቀኑን ግማሽ ያህል ሲበላ ይውላል።

ዘመዱን ለመለየት ግን ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል። በ1869 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ሚሲዮናዊ አርማን ዳቪድ ድብ ነው ብሎ ስም አወጣለት። በዓመቱ የእንስሳት ተመራማሪው አልፎንስ ሚልን ኤድዋርድስ አጥንቱንና ጥርሱን መርምሮ ቀይ ፓንዳ ወደሚባለው ትንሽ ቀላ ያለ እንስሳ አስጠጋው። ስህተቱን አልፈርድበትም። ሁለቱም ቀርከሃ ይበላሉ፤ የሁለቱም የእጅ አንጓ አጥንት አድጎ እንደ ተጨማሪ አውራ ጣት ሆኗል፤ የቀርከሃውን ግንድ የሚጨብጡት በእርሱ ነው። ይህን መሳይ እጅ ያገኙት ግን እያንዳንዳቸው በራሳቸው መንገድ ነው። በ1985 እ.ኤ.አ. የዘረመል ተመራማሪው ስቲቨን ኦብራየንና ባልደረቦቹ ያቀረቡት ሞለኪውላዊ (ከዘረመልና ከፕሮቲን የተገኘ) ማስረጃ ፓንዳን ወደ ድቦች መለሰው። ከሌሎቹ ድቦች የተለየው ከ20 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ቀይ ፓንዳ ደግሞ ከድብ ይልቅ ራኩን ለሚባለው ትንሽ የአሜሪካ እንስሳ ይቀርባል፤ ዛሬ የራሱን አስተኔ ብቻውን ይዟል።

ድብ በአገራችን ስለሌለ ነገሩ ከሩቅ ይሰማ ይሆናል። ጅብ ግን አለን። መልኩን አይተን ከውሻ ጋር እንመድበዋለን፤ ዘሩ ሲቆጠር ግን ጅብ ሌሊት ከሚጮሁበት ውሾች ይልቅ ምድጃ ዳር ለተኛችው ድመት ይቀርባል።