«ኖንሬዚደንት» ምንድን ነው? ሙስ ማደን ላማረው ሰው ዋጋውን የሚቆርጥለት ቃል

ሲያትል ያለ ጓደኛዬ ደውሎ «መስከረም ላይ አላስካ ወጥተን ሙስ እንጥላለን፤ አንተም አለህበት» ሲለኝ ስልኩ ስፒከር ላይ ነበር። አማቴ ከጓዳ ሆነው «ሙዙ ምን በደላችሁ?» አሉ። አልፈርድባቸውም፤ አማርኛችን ለዚህ እንስሳ ስም አላወጣለትም። ሙስ ከአጋዘን ዘመዶች ሁሉ ትልቁ ነው። ቀንዱ እንደተዘረጋ መዳፍ ሰፊ ነው፤ ላይኛው ከንፈሩ ወደ ታች የተንዘለዘለ፣ እግሩ እንደ ግመል የረዘመ። የአላስካ ኮርማ እስከ 1,600 ፓውንድ፣ ማለትም እስከ 725 ኪሎ ድረስ ይመዝናል። አንኮሬጅ ከተማ ውስጥ የሰው ግቢ ገብቶ ችግኝ ሲቀነጥስ ማየት ብርቅ አይደለም።

ጓደኛዬ ሒሳቡን ሠርቶ ጨርሷል። የአደን ፈቃድ 45 ዶላር፣ የአውሮፕላን ትኬት፣ ድንኳን በውሰት፣ ስንቅ በሶና ቆሎ። «ለፋሲካ በቅርጫ ከምንገዛው በሬ አይበልጥም» አለ። ድምሩ ልክ ነው፤ ችግሩ የሌላ ሰው ሒሳብ መሆኑ ላይ ነው። 45 ዶላር የሚከፍለው የአላስካ ነዋሪ ነው። እኛ ኖንሬዚደንት ነን።

ቃሉ በቀጥታ ሲፈታ «ነዋሪ ያልሆነ» ማለት ነው፤ ግን የኢሚግሬሽን ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። እዚህ የሚጠየቀው «ይህ ስቴት ቤትህ ነው ወይ?» ተብሎ ነው። አላስካ ነዋሪ የሚለው ቢያንስ 12 ተከታታይ ወር ቤቱን እዚያ ያደረገና እዚያው ለመቆየት ያሰበ ሰውን ነው። ለሰመር የዓሣ ፋብሪካ ሥራ ሄዶ ሦስት ወር የሠራ ሰው ደመወዙን ይቀበላል እንጂ ነዋሪ አይሆንም። ሲያትል ተወልዶ ያደገ አሜሪካዊም ቢሆን አላስካ ሲደርስ ኖንሬዚደንት ነው፣ ከእኔ እኩል።

ከዚህ በታች ደግሞ ሦስተኛ እርከን አለ፤ «ኖንሬዚደንት ኤሊየን» ይሉታል። የሌላ አገር ዜጋ ሆኖ ኑሮውም አሜሪካ ውስጥ ያልሆነ ሰው ነው። ግሪን ካርድ ይዞ ዴንቨር ወይም ዳላስ የሚኖር ወገናችን ፓስፖርቱ ኢትዮጵያዊ ስለሆነ ብቻ እዚህ እርከን ውስጥ አይወድቅም፤ ብዙ ሰው ይህን ስለማያውቅ ገና ሳይጀምር ተስፋ ይቆርጣል።

እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በሚሠራበት ታሪፍ ልዩነቱ እንዲህ ነው። ነዋሪው 45 ዶላር ፈቃድ ይከፍላል፤ ለሙስ ታግ አይገዛም። ኖንሬዚደንቱ ለፈቃድ 160፣ ለታጉ 800፣ በድምሩ 960 ዶላር ይከፍላል። ኤሊየኑ ለፈቃድ 630፣ ለታጉ 1,000 ዶላር ይከፍላል፤ በዚያ ላይ ያለ ባለፈቃድ መሪ አዳኝ ማደን አይችልም። ከአዲስ አበባ በቪዚት ቪዛ የመጣ ወንድም አንኮሬጅ የሚኖረው ወንድሙ ይዞት ስለወጣ አይፈቀድለትም፤ ዝምድናው መሪውን አይተካም።

ታግ ያልኩት ቁጥር የተቀረጸበት የብረት መቆለፊያ ነው። ሙሱ ሲወድቅ ወዲያው እላዩ ላይ ይቆለፋል፣ ሥጋው ተሰናድቶ እስኪያልቅ አይወልቅም። ከጥቃቅኑ ሕግ ሁሉ እኔ የወደድኩት አንድ ነገር አለ፤ የሙስ ታግ ዋጋው እኩል ወይም ያነሰ ለሆነ ሌላ እንስሳም ያገለግላል። ሙስ ጠፍቶ የካሪቡ (እሱም የአጋዘን ዘመድ ነው) መንጋ ቢያልፍ፣ የካሪቡ ታግ 650 ስለሆነ የ800ው ታግ ይሠራለታል፤ የካሪቡው ወቅት ክፍት ከሆነና የራሱን ነፃ የምዝገባ ወረቀት አስቀድመህ ከያዝክ።

እንዲህ ያለው ልዩነት አድልዎ አይደለም ወይ? ጥያቄው ፍርድ ቤት ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1978 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሞንታና ውስጥ ኤልክ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን ለማደን ከሌላ ስቴት የሚመጡ ሰዎች ብዙ እጥፍ ስለሚከፍሉበት ፈቃድ የቀረበውን ክስ አይቶ ለሞንታና ፈረደ። አውሬውን ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቀውና የሚንከባከበው የስቴቱ ሰው ነው፣ ለመዝናኛ የሚመጣ እንግዳ ይበልጥ ቢከፍል መሠረታዊ መብቱ አልተነካም ነው ነገሩ። እኛም ብንሆን ባሌና አርሲ ድረስ የደጋ አጋዘን ፍለጋ የሚመጣውን ፈረንጅ ጠመንጃውን አንግቶ ብቻውን ተራራ አናስወጣውም፤ በባለፈቃድ ድርጅት በኩል፣ በዶላር ነው።

ቃሉ በየቦታው አንድ ዓይነት ክብደት የለውም። ሜይን ፈቃዱ በዕጣ ነው፤ ለውጭ ስቴት ሰዎች የሚመደበው ከአሥር ፈቃድ አንዱ ገደማ ስለሆነ ስሙን እያስገባ ዓመታት የሚጠብቅ ሞልቷል። አይዳሆ የታጉን ዋጋ፣ ከ2,000 ዶላር በላይ፣ ገና ስታመለክት ይቀበልሃል፤ ዕጣው ካልወጣልህ ይመለስልሃል፣ ግን እስከዚያ ገንዘቡ እጅህ ላይ የለም። ሚኒሶታ ያላችሁ ደግሞ አትድከሙ፤ የሙስ አደን እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ተዘግቷል፣ ክፍት በነበረበት ዘመንም ለነዋሪ ብቻ ነበር። የካናዳዋ ኒውፋውንድላንድ የተለየች ናት። ሙስ የደሴቲቱ ተወላጅ አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1904 ከኒው ብራንዝዊክ አራት አምጥተው ለቀቁ፣ ዛሬ እዚያ ያለው ሙስ በአብዛኛው የእነዚያ ዘር ነው ይባላል። እንግዳ አዳኝ እዚያ የግድ በባለፈቃድ አስተናጋጅ በኩል መግባት አለበት፤ ጠመንጃ ይዞ ድንበር መሻገርም የራሱ ቅጽ አለው። ቢሆንም ሁሉን አሟልቶ የሚጠየቀው ዋጋ አላስካ ውስጥ በመሪ ከሚታደነው በእጅጉ ያነሰ ነው።

አላስካን ለኖንሬዚደንት የሚመች የሚያደርገው የአሜሪካ ነዋሪ ሙስን ያለ መሪ ማደን መቻሉ ነው። ለቡናማ ድብ፣ ለዳል በግና ለተራራ ፍየል መሪ ወይም አላስካ የሚኖር የቅርብ ዘመድ ያስፈልጋል፤ ለሙስ ግን አያስፈልግም። መሪ መቅጠር ከ20,000 ዶላር በላይ የሚያስወጣበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ፣ «ርካሽ የሙስ አደን» የሚባለው ነገር በሙሉ የቆመው በዚህች አንቀጽ ላይ ነው።

ታዲያ ገንዘቡ የት ይሄዳል? ሥጋው ላይ። 725 ኪሎው ኮርማ ብልቱ ተለያይቶ አጥንቱ ሲወጣ ወደ 500 ፓውንድ፣ 227 ኪሎ ገደማ ንጹሕ ሥጋ ይሰጣል። አገር ቤት ስንሄድ የምንጨቃጨቅባትን ሻንጣ አስቡ፤ ሃያ ሦስት ኪሎዋን። አንድ ሙስ አሥር ሻንጣ ነው። ያን የሚያህል ሥጋ ከረግረግ እስከ አውሮፕላን ማረፊያ እንዴት እንደሚወጣ ሳያስብ 960 ዶላር የሚከፍል ሰው የገዛው ችግር ነው።

ጫካ ውስጥ የሚያወርዱ «ትራንስፖርተር» የሚባሉ ባለፈቃዶች አሉ። በትንሽ አውሮፕላን ወንዝ ዳር ጠጠር ላይ ወይም ሐይቅ ላይ አውርደውህ በቀጠሮው ቀን ይመለሳሉ፤ በአደኑ ሊያግዙህ ግን ሕግ አይፈቅድላቸውም። ዋጋ ስትጠይቅ «ለአንድ ሰው ስንት ነው?» ብቻ ብለህ አትዝጋው፤ «ሙስ ብጥልስ?» በል። «ሱፐር ከብ» የሚሏት ትንሽ አውሮፕላን ከፓይለቱ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነው የምትይዘው፣ ስለዚህ ለሥጋው ደጋግማ መመላለስ አለባት፣ ምልልሱም በገንዘብ ነው። የወረድክበት ቀን ደግሞ አይታደንም፤ በማግስቱ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው የሚፈቀደው።

በመኪና መሄድ ይረክሳል፣ ግን ወጥመዱ ብዙ ነው። የኪራይ ውሎች ብዙ ጊዜ የጠጠር መንገድ ይከለክላሉ። ከዩኮን ወንዝ በሰሜን የዳልተን ሀይዌይን ግራና ቀኝ እስከ አምስት ማይል ድረስ በጠመንጃ ማደን ክልክል ነው፣ በቀስት ብቻ። ከመንገድ በራቅህ ቁጥር ደግሞ ትከሻህ ይከፍላል፤ አንድ ታፋ ብቻ ከነአጥንቱ ከ45 ኪሎ ያልፋል። ከመንገዱ ከአንድ ማይል በላይ የራቀ ሙስ ላይ ባትተኩስ ይሻላል እላለሁ። ፈሪ ያሰኘኝ።

እኛ መፍትሔውን ያገኘነው ከቅርጫ ነው። አራት ሆንን። አውሮፕላን፣ ድንኳን፣ ምጣድ፣ የፍሪዘር ኪራይ በአራት ተካፈለ። ታግ ግን ማኅበር አይገባበትም፤ በገዛው ሰው ስም ነው። ስለዚህ ሁለታችን ብቻ ገዛን፣ የቀሩት ሁለቱ ሊሸከሙ መጡ። ሥጋው በመደብ ሊከፋፈል፣ ዕጣ የሚያወጣውም ሰው ከወዲሁ ተመርጦ ነበር።

ወቅቱም እንደታዘዘ ነው። ለኖንሬዚደንት በአብዛኛው ክፍት የሚሆነው በሴፕቴምበር ነው። ፍልሰታ ተፈትቷል፣ ጽጌ አልገባም፤ ከረቡዕና ዓርብ በቀር የሚከለክል የለም። ሙስ ሰኮናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ ስለሆነ ከዚያ ወገን ችግር የለበትም። ጥይት የጣለው ነፍሱ ሳይወጣ ደርሶ በስመ አብ ብሎ መባረኩ ላይ ግን በካምፓችን ረጅም ክርክር ነበር፤ የቆሰለ ሙስ አጠገብ ቢላ ይዞ መሮጥ ቀልድ አይደለም። ሙስሊሙ ጓደኛችን ጥይቱ ሲለቀቅ ቢስሚላህ ማለት እንደሚበቃው ነግሮን ተኛ።

የአላስካ ሕግ በሥጋ ላይ ከእኛ ብልት አውጪ አይተናነስም። አንገቱ፣ ፍሪምባው፣ ጎድኑ፣ ወርቹ እስከ ጉልበት፣ ታፋው እስከ ቋንጃ፣ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ያለው ሁሉ መውጣት አለበት፤ በአንዳንድ ቦታ ከነአጥንቱ። ሥጋው ሳያልቅ ቀንዱን ተሸክሞ መውጣት ወንጀል ነው። ጨጓራና ጉበቱን አያስገድድም፣ የዱለቱ ነገር ለወዳጁ የተተወ ነው። ቁርጥ ላማረው ግን እምቢ በሉት፣ የዱር ሥጋ ይብሰል። ስብ ስለሌለው ቋንጣ ቢሆን ከበሬው ይበልጣል፤ ሻንጣውንም ያቀልለታል።

የቀረው ቀንዱ ነው፤ ኖንሬዚደንትነት ዓይን ለዓይን የሚገናኝህ እዚያ ነው። በብዙ ዩኒቶች (የአደን ክልሎች ማለት ነው) ነዋሪው ያገኘውን ኮርማ ሲጥል፣ ኖንሬዚደንቱ የቀንዱ ስፋት ከጫፍ እስከ ጫፍ 50 ኢንች (127 ሳንቲ ሜትር) ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን፣ ወይም ቢያንስ በአንድ ወገን ግንባሩ ላይ አራት ጣት ያበቀለውን ብቻ ነው የሚጥለው፤ በአንዳንድ ቦታ ሦስት ይበቃል። በሕይወት ያለን ሙስ በሜትር አትለካም። ፊት ለፊት ሲያይህ በሁለቱ ዓይኖቹ መካከል ያለው 10 ኢንች ገደማ ነው፤ ቀንዱ የዚያን አምስት እጥፍ መሆን አለበት። ጣቱን ስትቆጥር ከዋናው መዳፍ የተለየችውን፣ ወደ ፊት የወጣችውን ብቻ ትቆጥራለህ። ተሳስተህ ብትጥል ቀንዱም ሥጋውም ይወሰዳል፣ ቅጣቱም ይከተላል።

በስድስተኛው ቀን ሊመሽ ሲል ከኩሬው ማዶ አንድ ኮርማ ወጣ። ውኃ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገብቶ ሣር እየነቀለ ይበላል፤ ሲያኝክ ይሰማል። ጓደኛዬ በግራው ሦስት ጣት ቆጠረ። የቀኙን ጥድ ከለለው። ስፋቱ 48 ይሆናል፣ 52 ይሆናል። «አራት ነው» አለ። «አየኸው?» አልኩት። ዝም አለ። ሙሱ ጭንቅላቱን አራግፎ ወደ ጫካው ገባ፤ ጥይቷ ከነክብሯ ቀረች።

በማግስቱ ከወንዙ ማዶ ተኩስ ሰማን። ፌርባንክስ የሚኖሩ አባትና ልጅ ነበሩ፤ የኛኑ ሙስ ነው የጣሉት፣ በ45 ዶላር ፈቃድ። ስንሸከምላቸው ዋልን። አባትየው ቀንዱን በሜትር ለካው፦ 49 ኢንች፣ በሁለቱም ወገን ሦስት ሦስት ጣት። ማምሻውን አንድ ወርች ሰጡን፤ ሥጋ ሲሰጥ የሚሞላውን የማስተላለፊያ ቅጽ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሞላ፣ ፈረምን። ጓደኛዬ ሽንኩርት መክተፍ ጀምሮ ቢላውን አስቀመጠና ስልኩን አየ።

ረቡዕ ነበር። ሽሮ ጣድን።