የመዋኛ ገንዳ ውሃ ትነት በላስ ቬጋስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በላስ ቬጋስ በዓመት የሚጥለው ዝናብ በአማካይ ከ110 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ከክፍት ውሃ ላይ የሚተነው ግን በዓመት 1.8 ሜትር ግድም ይደርሳል። በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ውሃ 1 ሊትር ስለሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 40 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው የቤት ገንዳ በዓመት ወደ 72,000 ሊትር ያጣል። የዚህ ገንዳ አማካይ ጥልቀት 1.5 ሜትር ቢሆን ሞልቶ የሚይዘው 60,000 ሊትር ብቻ ነው።

የከተማዋ ውሃ ከአሥር እጅ ዘጠኙ የሚመጣው ከኮሎራዶ ወንዝ፣ በሜድ ሐይቅ በኩል ነው። ከመታጠቢያና ከመጸዳጃ ቤት የሚወጣው ፍሳሽ ተጣርቶ ወደ ሐይቁ ይመለሳል፤ በተመለሰው ልክም የኔቫዳ ግዛት እንደገና እንድትቀዳ ይፈቀድላታል። ከገንዳ የተነነ ውሃ ግን መመለሻ የለውም። በቬጋስ ቤት ሲገዙ ገንዳውም አብሮ የደረሳቸው ወገኖቻችን ጥቂት አይደሉም፤ ስለ ገንዳ ከሚሰሙት ምክር ደግሞ ብዙው የተሳሳተ ወይም ግማሹ ብቻ እውነት ነው።

«ውሃው የሚተነው ቀን ነው፤ ማታ መሸፈን ትርፉ ድካም ነው»

ማታ የተሰጣ ልብስ ሲነጋ ደርቆ የሚገኘው ያለ ፀሐይ ነው። ፀሐይ ውሃውን ታሞቃለች እንጂ ውሃውን የሚስበው የአየሩ ጥማት ነው። ይህ ጥማት የሚለካው በውሃው ገጽ ላይ ባለው የእንፋሎት ግፊትና በአየሩ ውስጥ ባለው የእንፋሎት ግፊት መካከል ባለው ልዩነት ነው። 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ ውሃ ገጹ ላይ 3.8 ኪሎ ፓስካል ያህል ግፊት አለው። ቀን ላይ አየሩ 40 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 10 በመቶ ቢሆን በአየሩ ውስጥ ያለው 0.7 ገደማ ነው፤ ልዩነቱ 3 ይሆናል። ሌሊት አየሩ ወደ 28 ወርዶ እርጥበቱ ወደ 25 በመቶ ቢወጣ ልዩነቱ 2.8 ይሆናል። የቀኑና የሌሊቱ መበላለጥ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ቀኑንና ሌሊቱን ይበልጥ የሚለያቸው ነፋሱ ነው።

ጅዳ ወይም ዱባይ የኖረ ሰው ይህን በሌላ በኩል ያውቀዋል። በባሕር ዳርቻ አየሩ 35 ዲግሪ ሆኖ እርጥበቱ 60 በመቶ ሲደርስ የዚያው ውሃ ልዩነት 0.4 ብቻ ነው። ላብ ከሰውነት ላይ አልደርቅ የሚለው፣ ገንዳውም ብዙ የማይጎድለው ለዚህ ነው።

«ብርዱ ሲገባ ትነት ይቆማል»

ገንዳው ካልተሞቀ ውሃውም ስለሚቀዘቅዝ ትነቱ በእርግጥ ይቀንሳል። በማሞቂያ 28 ዲግሪ ላይ የተያዘ ገንዳ ግን በኅዳር ምሽት፣ አየሩ 12 ዲግሪና እርጥበቱ 30 በመቶ ሲሆን፣ ልዩነቱ 3.4 ይደርሳል። ይህ ከላይ ካየነው የሙቀት ወራት ቀትር ይበልጣል። በጠዋት ከገንዳው ላይ የሚነሳው ጭስ መሰል ጉም ራሱ የሚሄደው ውሃ ነው። አንድ ሊትር ውሃ ሲተን ደግሞ 580 ሊትር ውሃን በ1 ዲግሪ የሚያቀዘቅዝ ሙቀት ይዞ ይወጣል። ስለዚህ በእነዚህ ወራት ያልተሸፈነ ገንዳ የውሃ ብቻ ሳይሆን የጋዝ ሂሳብም ያስከፍላል። ማሞቂያ ከፍቶ ገንዳን ሳይሸፍኑ ማደር በእኛ ግምት ከስህተቶቹ ሁሉ ውዱ ነው።

«በሙቀት ወራት መሸፈኛ ውሃውን ያፈላዋል»

ይህኛው ግማሽ እውነት አለው። ውሃ በእንስራ የሚቀዘቅዘው በሸክላው ላብ ነው፤ ጥቂቱ ተኖ የቀረውን ያቀዘቅዛል። ክፍት ገንዳም እንደዚያው ነው፤ ከሸፈኑት ላቡን ይከለክሉታል። በዚያ ላይ መሸፈኛው ብርሃን የሚያሳልፍ ሰማያዊ ባለ አረፋ ፕላስቲክ ከሆነ ፀሐይዋም ገብታ ታሞቀዋለች። ውሃው ከ32 ዲግሪ ሲያልፍ አልጌ ይፋጠናል፣ ክሎሪንም ቶሎ ያልቃል።

መፍትሔው መሸፈኛውን ጠቅልሎ ማስቀመጥ ሳይሆን ዓይነቱን መቀየር ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ብርሃን የማያሳልፍ፣ በላዩ ነጭ ወይም ብርማ የሆነ መሸፈኛ ይጠቀሙ። ያለዎት ሰማያዊው ብቻ ከሆነ ቀን አንስተው ማታ ያልብሱት፤ ከዕለቱ ትነት ግማሽ የሚጠጋውን ያድናሉ።

ባለ አረፋውን የሚገዛ ሰው ጥቂት ነገር ይወቅ። አረፋው ወደ ታች፣ ውሃውን ነክቶ ይተኛል። 0.3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ለማንሳት ይቀላል፤ 0.4 የሆነው ይከብዳል፣ ይቆያልም። ከካርቶን እንደወጣ አይቁረጡት፤ አንድ ሁለት ቀን ውሃው ላይ ተዘርግቶ እጥፋቱ ይፍታታ፣ ከዚያ የገንዳውን ጠርዝ ተከትለው ይከርክሙ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ውሃ ላይ ሳለ አይደለም፤ ተጠቅልሎ ፀሐይ ላይ ሲቀመጥ ነው። ከውሃው ሲለይ የሚያቀዘቅዘው ስለሌለ ድርብርቡ ውስጥ ሙቀት ይጠራቀምና አረፋዎቹ ይፈነዳሉ። በነጭ ጨርቅ ወይም በነጭ ሸራ ይሸፍኑት። ክሎሪን በብዛት በጨመሩ ዕለትም አያልብሱ፤ ወደ 3 ፒፒኤም (በሊትር 3 ሚሊ ግራም) እስኪወርድ ይጠብቁ፣ አለበለዚያ ፕላስቲኩ ተሰባብሮ በማጣሪያው ውስጥ ይገኛል።

አንድ ነገር አጥብቀን እንናገር። ይህ መሸፈኛ የሕፃን ክብደት አይችልም። የረገጠው ልጅ ይሰምጣል፣ ፕላስቲኩም ይጠቀለልበታል፤ ከላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው ምንም ምልክት የለም። ከመዋኘት በፊት ሙሉ በሙሉ ይነሳ እንጂ በከፊል ገልጦ መግባት አይፈቀድ። አጥርና በራሱ የሚዘጋ በር በዚህ መሸፈኛ አይተኩም።

«ዳር እስከ ዳር ካልገጠመ ዋጋ የለውም»

ትነት የሚለካው በተገለጠው ስፋት ነው። የገንዳዎ ቅርጽ ጠማማ ሆኖ መሸፈኛው 70 በመቶውን ብቻ ቢይዝ፣ ትነቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ላስ ቬጋስ የምትገኝበት የክላርክ ካውንቲ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2022 ለአዳዲስ የመኖሪያ ቤት ገንዳዎች ገደብ ሲያወጣ የገደበው የገጽ ስፋታቸውን፣ በ56 ካሬ ሜትር ያህል፣ የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። ጥልቀት ትነትን አይጨምርም።

«ፈሳሽ መሸፈኛ የፕላስቲኩን ያህል ይሠራል»

ፈሳሹ በአብዛኛው ከቅባት የሚገኝ አልኮል ነው፤ በውሃው ገጽ ላይ የአንድ ሞለኪውል ውፍረት ያለው ስስ ሽፋን ይሠራል። በረጋ ሌሊት ይጠቅማል። ነፋስ ሲነሳ ግን ሽፋኑ ተገፍቶ ወደ አንድ ጥግ ይከማቻል፣ ቀሪው ገጽ ይገለጣል። ፕላስቲክ በለበሰበት ሰዓት ከትነቱ 90 በመቶና ከዚያ በላይ ያስቀራል፤ ፈሳሹ ወደዚያ አይጠጋም። ፕላስቲክ ማንሳትና ማልበስ ለማይችል ሰው ከምንም ይሻላል፤ መጠኑ በጠርሙሱ ላይ እንደተጻፈው ሆኖ ፈሳሹን የሚጨምረው ፓምፕ በየቀኑ መሥራቱን ያረጋግጡ፣ ሽፋኑ ቶሎ ይጠፋልና።

«የጨው ገንዳ አይተንም»

ይተናል። በጨው ገንዳ ውስጥ ያለው በሊትር 3 ግራም ገደማ ነው፤ ይህ ትነትን በ0.2 በመቶ ያህል ብቻ ይቀንሳል። የባሕር ውሃ እንኳ የሚቀንሰው 2 በመቶ ነው።

«ፏፏቴው ውሃውን ስለሚያዞር ይጠቅማል»

ማዞሩን ፓምፑ ይሠራዋል። ፏፏቴው ውሃውን በትኖ ለደረቅ አየር ያጋልጣል። እንግዳ ሲመጣ ይክፈቱት፣ ከዚያ ይዝጉት። ውሃ ወደ ገንዳው የሚመልሱት አፎች ወደ ላይ ዞረው ገጹን የሚያንጨረጭሩ ከሆነ ቀለበቱን አላልተው ወደ ታች ያዙሯቸው። ለነፋስ ደግሞ ድፍን ግንብ ብቻውን አይበቃም፤ በላዩ ያለፈው ነፋስ ከኋላው ተገልብጦ ይወርዳል። ግማሽ ያህል የሚያሳልፍ ቁጥቋጦ ወይም ዝርዝር አጥር ነፋሱን ይሰብረዋል።

«ውሃው ቢጎድል ትነት ነው»

ይህ አባባል የብዙ ገንዳ ስንጥቅ ደብቋል። በራሱ የሚሞላ ተንሳፋፊ ቫልቭ ያለው ገንዳ ደግሞ ሁልጊዜ ሙሉ ስለሚመስል ማንም አይጠረጥርም። መለየት የሚቻለው በባልዲ ነው።

አውቶማቲክ መሙያውን ይዝጉ፣ መሸፈኛውን ያንሱ። ባልዲውን ገንዳው ደረጃ ላይ አስቀምጠው እንዳይንሳፈፍ ድንጋይ ይጨምሩበት። ከዚያ በውስጡ ያለው ውሃ ከውጭው ጋር እኩል እስኪሆን ከገንዳው እየቀዱ ይሙሉት። ውስጡንም ውጭውንም በፕላስተር ምልክት ያድርጉ። 24 ሰዓት ማንም አይዋኝ። ሁለቱም 7 ሚሊ ሜትር ቢጎድሉ ትነት ነው። ባልዲው 7፣ ገንዳው 13 ቢጎድል 6 ሚሊ ሜትሩ ፍሳሽ ነው፤ በ40 ካሬ ሜትር ላይ በቀን 240 ሊትር ማለት ነው። ፈተናውን አንድ ቀን ፓምፑ እየሠራ፣ ሌላ ቀን ጠፍቶ ይድገሙት። ሲሠራ ይበልጥ ከጎደለ ውሃ መላሹን ቧንቧ ይጠርጥሩ።

«የሚሄደው ውሃ ብቻ ነው፤ እሱም ይተካል»

በአፋር አሳሌ ላይ አሞሌ የሚቆረጠው ውሃው ተኖ ጨው ስለሚቀር ነው። ገንዳም ያው ነው። የቬጋስ ውሃ ጥንካሬው፣ ማለትም የተሟሟበት የካልሲየምና የማግኒዥየም ማዕድን መጠን፣ በሊትር 280 ሚሊ ግራም ያህል ነው። በ72,000 ሊትር መተኪያ ውሃ በዓመት 20 ኪሎ ካልሲየም ካርቦኔት መሰል ማዕድን ገንዳው ውስጥ ይጨምራሉ። በሰድሩ መስመር ላይ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት፣ በማሞቂያው ቱቦ ውስጥ የሚደፍነውም ይኸው ነው። መሸፈኛ ያለበሰ ሰው ገንዳውን አፍስሶ የሚለውጥበትን ቀን ያርቃል።

የሚመከረው ጥንካሬ ከ200 እስከ 400 ነው። 800 ደርሶ ግማሹን ውሃ ቢለውጡ፣ የሚገባው ራሱ 280 ስለሆነ 540 ላይ ያርፋል። ሥራውን በሐምሌ አያድርጉት፤ የተገለጠ ልስን በዚያ ፀሐይ ይሰነጠቃል። ቀዝቀዝ ሲል በሚጠልቅ ፓምፕ ያውጡት። ቱቦውንም ወደ መንገድ ሳይሆን፣ ብዙ ጊዜ በቤቱ ፊት ለፊት መሬት ላይ ክዳኑ ወደሚታየው የፍሳሽ መስመር መክፈቻ ይክተቱ። መጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች የሻወሩ ማፍሰሻ እንዳይሞላ እያዩ ይቆዩ። በዚያ የገባው ውሃ ተጣርቶ ወደ ሜድ ሐይቅ ይመለሳል።