«ቅሬታ ያቀረበ የለም»፦ ስለ ደንበኛ አስተያየት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የንግድ ቤቶችን የአገልግሎት አሰጣጥ ስፈትሽ በኖርኩባቸው ዓመታት፣ በመጀመሪያው ቀን ሳልሰማው የቀረሁበት ጊዜ የማይታወሰኝ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ «እኛ ዘንድ እንኳ ቅሬታ ያቀረበ ደንበኛ የለም።» ባለቤቱ ይህን የሚናገረው ደረቱን ነፍቶ ነው። እኔም በሰማሁት ቁጥር፣ አምና በየቀኑ ይመጡ ከነበሩት ደንበኞች ዛሬ የማይመጡት ስንት እንደሆኑ እጠይቃለሁ። እስካሁን በቁጥር የመለሰልኝ ሰው አላጋጠመኝም።

«ቅሬታ ከሌለ ደንበኛው ረክቷል»

ከሁሉም የሚያሰለቸኝ ይህ ነው። ዝምታ ደንበኛው መርካቱንም ሆነ አለመርካቱን አይነግረንም፤ በእኛ አገር ደግሞ ዝምታው ይሉኝታ የሚባል የታወቀ ምክንያት አለው። የቀዘቀዘ ሽሮ የቀረበለት ሰው አስተናጋጇን ጠርቶ «ይሄ ቀዝቅዟል» ከማለት ይልቅ ግማሹን ትቶ፣ ሂሳቡን ከነጉርሻው ከፍሎ፣ እንዴት ነበር ሲባልም «በጣም ጥሩ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ይወጣል። ይህን የሚያደርገው ልጅቷ በእኔ ምክንያት ከደመወዟ ትቀጣ ይሆናል ብሎ ስለሚያዝን፣ ለሆዱ ይጣላል እንዳይባልም ስለሚሰጋ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ግን ምሳውን የሚበላው ከመንገዱ ማዶ ካለው ቤት ነው፤ ቅሬታውንም ለባለቤቱ ሳይሆን ለሥራ ባልደረቦቹ በዝርዝር ያቀርባል።

አንድ ምግብ ቤት ውስጥ «አስተያየትዎ ለእኛ ጠቃሚ ነው» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት የእንጨት ሳጥን ከገንዘብ ተቀባይዋ ራስ በላይ ተሰቅሎ አየሁ። አስተያየት መስጠት የፈለገ ሰው ገንዘብ ተቀባይዋ እያየችው መጻፍ፣ ከዚያም እጁን በራሷ ላይ አሳልፎ ወረቀቱን መክተት ይኖርበታል። ሳጥኑ እንዲከፈት ጠየቅሁ፤ ቁልፉ ግን ጠፍቷል ተባለና በካቻቢቴ ተፈለቀቀ። ውስጡ የማስቲካ ወረቀት፣ ጊዜው ያለፈበት የሎተሪ ትኬት እና ሦስት ብጣሽ ወረቀቶች ነበሩ። ከሦስቱ አንዱ «የሴቶች መጸዳጃ ቤት በር ከውስጥ አይዘጋም» ይላል፤ ከሥሩ የሰፈረው ቀን ሁለት ዓመት አልፎታል። ሄጄ በሩን ሞከርኩት፤ አሁንም አይዘጋም። ባለቤቱ ሳቀ፣ እኔ ግን አልሳቅሁም።

በዚያው ቤት ወደ ባለቤቱም ወደ አስተናጋጆቹም ከመሄዴ በፊት ሳህን የምታጥበውን ሴት አነጋገርኩ። «አሣ ጉላሹ ግማሹ ይመለሳል፤ አጥንት ይበዛበታል መሰለኝ፣ ሳህኑ ጠርዝ ላይ ደርድረውት ነው የሚሄዱት» አለችኝ። ይህን ካወቀች ሦስት ወር እንደሆናትና ጠይቋት የሚያውቅ ሰው እንደሌለም ጨምራ ነገረችኝ። ደንበኛው በአፉ ያልተናገረውን በሳህኑ ተናግሮታል፤ የሰማችው ግን እሷ ብቻ ነበረች።

ስለዚህ የደንበኛን ሐሳብ የሚፈልግ ሰው ደንበኛው ይሉኝታው ሳይነካበት ሊመልሰው የሚችል ጥያቄ ያዘጋጅ። «ጥሩ ነበር?» ብሎ መጠየቅ «አዎ በለኝ» ብሎ እንደ መለመን ነው፤ «ዛሬ ካቀረብንልዎ ውስጥ አንድ ነገር ብንቀይር የትኛው ይሁን?» ሲባል ግን ደንበኛው ነቀፈ ሳይባል የልቡን መናገር ይችላል። ጠያቂውም ምግቡን ያቀረበችው አስተናጋጅ ወይም አጠገብ የቆመው ባለቤት መሆን የለበትም። መምጣት ላቆሙት ደንበኞች ደግሞ መዝገብ መያዝ ያስፈልጋል። የሰፈር ባለሱቅ በዚህ ረገድ ከብዙ ትልልቅ ድርጅቶች ይሻላል፤ የዱቤ መዝገቡን ሲገልጥ በየወሩ ስኳርና ዘይት ይወስዱ የነበሩት እናት ከመቼ ጀምሮ እንደቀሩ ያያል። መንገድ ላይ ሲያገኛቸውም «ምነው ጠፉ እማማ፣ አስቀየምንዎት እንዴ?» ብሎ ይጠይቃቸዋል። ይህ ጥያቄ ከመቶ ሳጥን የበለጠ አስተያየት ሲያስገኝ በዓይኔ አይቻለሁ።

«ቅሬታ የሚያቀርበው ነገረኛ ደንበኛ ነው»

ነገረኛም ሊሆን ይችላል፤ ግን ገና ጥሎዎት አልሄደም።

«ብዙ ሰው ከጠየቅን እውነቱን እናገኛለን»

የተጠያቂው ብዛት የተጠያቂውን ማንነት አይተካም። በ1936 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በአሜሪካ ይታተም የነበረ ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለ መጽሔት ወደ 10 ሚሊዮን ለሚጠጉ ሰዎች የምርጫ መጠይቅ ልኮ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰበሰበና ዕጩው ላንደን ፕሬዚዳንት እንደሚሆን ተነበየ፤ ተፎካካሪው ሩዝቬልት ግን ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን አሸነፈ። የተጠያቂዎቹ ስም በአብዛኛው ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ የተወሰደ ነበር፤ በዚያ የችግር ዘመን ስልክና መኪና የነበረው ሰው ደግሞ የአገሩን ሕዝብ አይወክልም። መጠይቁን ሞልቶ የመለሰውና ችላ ያለውም አንድ ዓይነት ሰዎች አልነበሩም። ዛሬ በቴሌግራም ቻናሉ ላይ ድምፅ አሰባስቦ «ደንበኞቻችን ወስነዋል» የሚል ዳቦ ቤት ያው ስህተት ውስጥ ነው፤ በየማለዳው አምስት ዳቦ የሚገዙት አዛውንት ቴሌግራም የላቸውም። ረቡዕና ዓርብ ብቻ መጠይቅ አስሞልቶ የሥጋ ምግብ ፈላጊ አጣ ብሎ የደመደመ ካፌም አውቃለሁ። (የጾም ቀን መሆኑን ያስታወሰው የጥበቃ ሠራተኛው ነው።)

«ደንበኛ ንጉሥ ነው፤ ያለውን ሁሉ እንፈጽም»

ደንበኛ የቱ ጋ እንዳመመው ያውቃል፤ መድኃኒቱን ግን ላያውቅ ይችላል። «ዋጋችሁ ውድ ነው» ያለ ሰው አርባ ደቂቃ ባይጠብቅ ኖሮ በዚያው ዋጋ ባልተከፋ ነበር። ስለዚህ ዋጋ ከመቀነስ በፊት «ምኑ ነው ውድ ያሰኘዎት?» ብሎ አንድ ጥያቄ መጨመር ይገባል። ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ሲሆን ደግሞ ትክክለኛ መልስም ያሳስታል። ኮካ ኮላ በሚያዝያ 1985 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የቆየ ጣዕሙን የቀየረው ወደ 200 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን አስቀምሶ አብዛኞቹ አዲሱን ስለመረጡለት ነበር። ቀማሾቹ የትኛው እንደሚጣፍጥ በእውነት ተናግረዋል፤ የለመዱት ከገበያ ቢጠፋ ምን እንደሚሰማቸው ግን አንድ ጉንጭ በማስቀመስ የሚታወቅ ነገር አልነበረም። ኩባንያው ተቃውሞው ሲበረታ በ79 ቀናት ውስጥ የቀድሞውን ጣዕም መለሰ።

«ከ10 ስንት ይሰጡናል?» በሚለው ቁጥር መርካት

ፍሬድ ራይክሄልድ የተባለ አሜሪካዊ የንግድ አማካሪ በ2003 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ያስተዋወቀው ስሌት፣ ድርጅቱን ለሌላ ሰው ይጠቁሙ እንደሆነ ደንበኞችን ከ0 እስከ 10 ባለው መለኪያ ይጠይቃል፤ 9 እና 10 የሰጡትን ደጋፊ፣ 7 እና 8 የሰጡትን ገለልተኛ፣ 6 እና ከዚያ በታች የሰጡትን ደግሞ ነቃፊ ይላቸዋል። እኛ ግን ከ10 8 ያመጣ ተማሪ የሚመሰገንበት ትምህርት ቤት ነው የተማርነው፤ 8 የሰጠ ደንበኛ አድንቆ ሳለ በስሌቱ ገለልተኛ ሆኖ ይቆጠራል። በዚያ ላይ ሠራተኛው ጉርሻና እድገቱ በዚህ ቁጥር ከታሰረ ደንበኛውን «እባክዎ 10 ይሙሉልኝ» ብሎ ይማጸናል፤ ያኔ የሚለካው የደንበኛው ርኅራኄ ነው።

«አስተያየት መሰብሰብ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል»

አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ።

«ከሰበሰብን ሥራው አልቋል»

ሥራው የሚጀመረው እዚያ ላይ ነው። አስተያየት ሰጥቶ ምንም ለውጥ ያላየ ሰው ሁለተኛ አይናገርም፤ ከነጭራሹ ያልጠየቀ ድርጅት ይሻላል ማለት ይቻላል፣ ቢያንስ የማንንም ተስፋ አላጠፋም። ለምሠራባቸው ቤቶች ሁሉ ደብተሩን በአራት ዓምድ አሰምራለሁ፦ ቀን፣ ደንበኛው የተናገረው በራሱ ቃል፣ ኃላፊነቱን የወሰደው ሰው፣ የተሠራው ሥራ። «በራሱ ቃል» የሚለውን አጥብቄ የምናገረው፣ ገንዘብ ተቀባይዋ «ስለ አገልግሎት ቅሬታ» ብላ ካሳጠረችው ከወር በኋላ ምን እንደነበር ማንም ስለማያውቀው ነው።

ሳጥኑ በተፈለቀቀበት ምግብ ቤት የደብተሩን የመጀመሪያ መስመር የሞላነው ስለ መጸዳጃ ቤቱ በር ነው። ባለቤቱ በኃላፊው ዓምድ የራሱን ስም ጻፈ፣ ልጅ ልኮ መቀርቀሪያ አስገዛ፣ በሩም በግማሽ ሰዓት ውስጥ ተዘጋ። ሁለተኛው መስመር የአሣ ጉላሹ ነበር፤ እሱ ወጥ ቤቷን ክፉኛ ስላስቆጣ አራተኛውን ዓምድ ለመሙላት ሦስት ሳምንት ፈጅቶብናል።