ዴክሳ ለኮሮና ሆኖ ለጉንፋን የማይሆነው ለምንድን ነው?

ፒያሳ አንድ ፋርማሲ ተሰልፌ ሳለ ከፊቴ የነበሩ እናት «ዴክሳ ስጠኝ ልጄ፤ ጉንፋን ጠንቶብኛል» አሉ። ፋርማሲስቱ «እማማ፣ ይሄ ለጉንፋን አይሆንም» አላቸው። «ለኮሮና ሲሰጥ አልነበር እንዴ?» ብለው ሞገቱት። እውነት አላቸው፤ ግራ የሚያጋባውም እዚህ ጋ ነው።

ዴክሳ፣ ሙሉ ስሙ ዴክሳሜታዞን፣ ስቴሮይድ ከሚባሉት መድኃኒቶች አንዱ ነው፤ በሽታ የመከላከል አቅምን ያፍናል። ታዲያ ቫይረስ ለያዘው ሰው ይህን መስጠት ምን ይሉታል? ነገሩ ጊዜው ላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጠላቱ ቫይረሱ ነው፤ የሰውነት ወታደሮች ያስፈልጋሉ። በሽታው በጠናባቸው ሰዎች ላይ ግን ወታደሮቹ ራሳቸው ቤቱን ማቃጠል ይጀምራሉ። ሳንባ ይቆጣል፣ ፈሳሽ ይሞላል፣ ኦክስጅን እንደልቡ አያልፍም። ያኔ መድኃኒቱ የሚያበርደው ቫይረሱን ሳይሆን ቁጣውን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 በእንግሊዝ የተካሄደው ሪከቨሪ የተባለ ጥናት ይህን አሳየ። መጠኑ በቀን 6 ሚሊግራም፣ ቢበዛ ለ10 ቀን ነበር። በመተንፈሻ ማሽን ላይ ከነበሩት ሞት በሲሶ ገደማ፣ ኦክስጅን ብቻ ይሰጣቸው ከነበሩት ደግሞ በአንድ አምስተኛ ገደማ ቀነሰ። ኦክስጅን ላላስፈለጋቸው ግን ጥቅም አልታየም። ኋላም ለመገጣጠሚያ ቁርጥማት የሚሰጡት ቶሲሊዙማብና ባሪሲቲኒብ ተጨመሩ።

ኮሮና ላይ ሠራ ማለት ግን ሁሉም ላይ ይሠራል ማለት አይደለም። ለከባድ ኢንፍሉዌንዛ እንኳ የዓለም ጤና ድርጅት ስቴሮይድን አይመክርም። በዚያ ላይ ስኳር ያሻቅባል፤ ተደብቆ የኖረ ቲቢም ሊቀሰቅስ ይችላል። እኛ አገር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

እናቲቱ መጨረሻ ላይ ፓራሲታሞል ገዝተው ወጡ፤ እያጉረመረሙ።